ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ሙከይፉን አድምጡት

 

ባለፈው ሳምንት ማታ ማታ የማስተምራቸው ሦስት ልጆች ወደ ቱኩሌ መጡና «ቲቸር፣ አንድ ነገር እናማክርህ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በካምፑ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ታሪክና ጨዋታ እየቀዱ በየሳምንቱ በቴሌግራም ሊለቁ አስበዋል፤ ዛሬ ሰዉ ፖድካስት የሚለው መሆኑ ነው። የአንደኛው ልጅ እህት ውጭ አገር ናት፤ ለማይክሮፎን መግዣ 100 ዶላር ልትልክ ቃል ገብታለች። ልጆቹ በስልካቸው አንድ ፎቶ አሳዩኝ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ በብረት ክንድ ላይ የተንጠለጠለ፣ ታዋቂ ሰዎች ሁሉ አፋቸውን አስጠግተው የሚያወሩበት ማይክ ነው። ዋጋው 400 ዶላር ገደማ ነው። «በመቶው ዶላር የዚህን ታናሽ ወንድም ፈልግልን» አሉኝ።

እዚህ ካምፕ ውስጥ 100 ዶላር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። አንዴ ከተሳሳቱ ሁለተኛ አትመጣም። እኔ ደግሞ በዚሁ ነገር አንዴ ተሳስቻለሁ፤ ስሕተቴም እስከ ዛሬ ድረስ ይከነክነኛል። ለልጆቹ የነገርኳቸውን ለናንተም ልንገራችሁ፤ ማይክ ባትገዙ እንኳን በስልካችሁ ለምትቀዱትም ይጠቅማል።

ካርቱም ሁለትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሱቅ አል አረቢ ወደ ደቡብ ሲወጣ፣ ትልልቅ ግቢና ቢሮ የበዛበት ሰፈር ነው። ፊት ለፊቱ የሀብታም ነው። ከጓሮ ግን የኛ ሰው ሞልቶበት ነበር፤ ዘበኛው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ልብስ አጣቢዋ። እኔም ከሦስት ልጆች ጋር ሆኜ በአንድ ግቢ ጓሮ ለዘበኛ በተሠራች ክፍል ውስጥ እኖር ነበር። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ፣ አራት አንገረብ፣ መስኮቷ ላይ ሙከይፍ። ሙከይፍ ስል ያን ውሃ እያንጠባጠበ ነፋስ የሚያመጣውን የካርቱም ማቀዝቀዣ ማለቴ ነው። እንዳይጠፋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ እንዳይበራ ደግሞ ወፍጮ ቤት ገብተህ የምታወራ ይመስልሃል። መብራት ሲሄድ እሱ ዝም ይላል፤ ያኔ የጎረቤት ጀነሬተር ይነሣል።

ቀን ቀን በየሰፈሩ ያሉ ስደተኛ ልጆችን አስተምር ነበር። የትራንስፖርት ዋጋ እየጨመረ ሲመጣ ብዙዎቹ መምጣት አቆሙ። ታዲያ ትምህርቱን በድምፅ እየቀዳሁ ልላክላቸው ብዬ ማይክ ፈለግሁ። ያጠራቀምኳትን ይዤ ገበያ ወጣሁና ሻጩ «ይሄ የስቱዲዮ ነው» ያለኝን ገዛሁ። ሱቁን መጥራት አያስፈልግም። ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ክንድና ስፖንጅ አብሮት የመጣ፣ ባለ 48 ቮልት ሳጥን ኮንደንሰር ነበር። ሲያዩት ያምራል። ወደ ቤት ስመልሰው እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

በዚያ ማይክ ከትምህርቱ በፊት የቀዳሁት አንዲት እናትን ነው። መንገድ ዳር ሻይና ቡና የሚሸጡ፣ እኛ ሁላችን «እማማ» የምንላቸው ሴት ነበሩ። ጎንደር ሦስት ዓመት ሲሆነው ትተውት የወጡት ልጅ አላቸው፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። «በስልክ ሳወራው ወይ ካርዱ ያልቃል ወይ እኔ አለቅሳለሁ፤ እስቲ ለምን እንደወጣሁ፣ እንዴት እንደመጣሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚህ ዕቃህ ላይ ልናገርና ላክለት» አሉኝ። አንድ ዓርብ ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ቀዳኋቸው። ማይኩን ጠረጴዛው መሐል አቆምኩት፤ እሳቸው አንገረቡ ላይ ዘና ብለው ተቀምጠው አወሩ። ሁሉንም አወሩ፤ ለኔም ተናግረውት የማያውቁትን ጭምር።

ማታ በጆሮ ማዳመጫ ከፍቼ አሰማኋቸው። ሙከይፉ አለ። ጀነሬተሩ አለ። የረክሻው ጥሩምባ፣ የጎረቤት ልጆች ኳስ፣ የመስጊዱ አዛን አንድም ሳይቀር አለ። ግድግዳው እየመለሰው የእማማ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኗል፤ ከሦስት ቃል አንዱ ቢሰማ ነው። ትንሽ አዳመጡና ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው «እኔ የት ነው ያለሁት ልጄ?» አሉኝ።

ማይኩ ተበላሽቶ አልነበረም። ሥራውን ነው የሠራው። ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ማይክሮፎን ሁሉ አንድ አይደለም። ዳይናሚክ የሚባለው ውስጡ ቀላል ነው፤ እንደ ከበሮ ቆዳ የምትርገበገብ ስስ ፕላስቲክ፣ ከእሷ ጀርባ የተጣበቀ የቀጭን መዳብ ሽቦ ጥቅልል፣ ጥቅልሉ የሚንቀሳቀስበት ማግኔት። ድምፅ ቆዳዋን ሲገፋት ሽቦው በማግኔቱ መሐል ይመላለሳል፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ላይ ያለፋችሁ ታስታውሱታላችሁ። የሬዲዮ ስፒከር ተገልብጦ ሲሠራ በሉት። በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ዌንት እና ቱራስ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች የሠሩት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1931 ለገበያ ከወጣ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ባትሪም መብራትም ሳይፈልግ ኤሌክትሪኩን ራሱ ያወጣል።

ኮንደንሰሩ ግን ሌላ ነው። በጣም ስስ የሆነች ገበታ ከሌላ ገበታ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ በመሐላቸው የኤሌክትሪክ ሙል ይያዛል። ለዚህም ከውጭ ኃይል ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ 48 ቮልት። ገበታዋ ሽቦ ስለማትሸከም ትንሽ እስትንፋስ ይበቃታል። ግድግዳው በተለበደበት፣ በሩ ድርብ በሆነበት ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ጸጋ ነው። ሙከይፍ ባለበት ክፍል ውስጥ ግን ከሰውየው ይልቅ ሙከይፉን ያስተናግዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ዳይናሚክ ጩኸት አይቀበልም» ይባላል። ይቀበላል! ማይክ የሰው ድምፅና የጀነሬተር ድምፅ ለይቶ የሚያውቅበት ጭንቅላት የለውም። ምስጢሩ ርቀቱ ላይ ነው። ዳይናሚኩ ሰነፍ ስለሆነ አፍህ ሥር ካላመጣኸው በደንብ አይሰማህም፤ ቅርብ ሆኖ መሥራትም ይወዳል። ከአፍህ ያለውን ርቀት በግማሽ ስትቀንሰው ወደ ማይኩ የሚደርሰው የድምፅህ ግፊት እጥፍ ይሆናል። ከ40 ሳንቲ ሜትር ወደ 5 ስታመጣው ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ሙከይፉ ግን ባለበት መስኮት ላይ ነው፤ የእሱ ድምፅ አልጨመረም። ስለዚህ ማጉያውን ትቀንሳለህ፣ ሙከይፉም አብሮ ይወርዳል። ኮንደንሰሩንም ብታስጠጋው ይሻላል፤ እኔ ጠረጴዛ መሐል አቁሜ እማማን አንገረብ ላይ ማስቀመጤ ነው ትልቁ ጥፋት።

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫ ነው። ለንግግርና ለዘፈን የሚሠሩት ዳይናሚኮች አብዛኞቹ «ካርዲዮይድ» ይባላሉ፤ የልብ ቅርጽ ማለት ነው። ከፊት በደንብ ይሰማሉ፣ ከጎን ይቀንሳሉ፣ ከጀርባ በጣም ይደነቁራሉ። ይህን ካወቃችሁ የማይኩን ጭራ ወደ ጀነሬተሩ አዙሩት። አንዳንዶቹ «ሱፐር ካርዲዮይድ» ናቸው፤ እነሱ ከጎን ይበልጥ ይደነቁሩና ቀጥታ ከጀርባ ግን ትንሽ ይሰማሉ። ጀነሬተሩን ለነሱ ቀጥታ ከኋላ ሳይሆን ወደ ጎን አድርጋችሁ ከኋላ አስቀምጡት። ወረቀቱ ላይ የልብ ሥዕል ያለበት ዓይነት ለጀማሪ ይቀላል።

ወደ እማማ ልመለስ። ዴም ሰፈር በሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት አንድ የኛ ልጅ ነበር። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝና ትንሿን ሚክሰሩንና የሠርግ ማይኩን ይዞ መጣ። ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ነው፤ እጀታው ጥቁር፣ ራሱ ክብ የሽቦ ወንፊት። ወንፊቱ በአንድ ጎኑ ገብቶ የተጨራመተ ነበር፤ «ስንት ሙሽራ ላይ ወድቋል» አለ። የሁላችንን ብርድ ልብስና ጋቢ ሰብስበን በሲሚንቶው ግድግዳ ላይ ሰቀልን፤ ፍራሹን ከእማማ ጀርባ አቆምን። ሙከይፉን አላጠፋንም። ማይኩን ከአፋቸው አራት ጣት ያህል አራቅንና ጭራውን ወደ መስኮቱ አዞርን።

እማማ «ሠርግ አስመሰላችሁትኮ» እያሉ እንደገና ከልጅነታቸው ጀመሩ። ያን ዕለት 38 ደቂቃ ቀዳን። ሲደክማቸው መተማን ሊሻገሩ የተዘጋጁበት ቦታ ላይ አቆሙ። ስናሰማቸው ሙከይፉ ከሩቅ እንደሚፈስ ውሃ ሆኗል፤ ድምፃቸው ግን ጆሮ ሥር ነው፤ ምራቃቸውን ሲውጡ እንኳን ይሰማል። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ያችን 38 ደቂቃ በዚያው ሌሊት ለልጃቸው ላክንለት። «የቀረውን ከፋሲካ በኋላ» ተባባልን።

የ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ነበር። ጦርነቱ የጀመረው በዋዜማው፣ ሚያዝያ 7፣ በቀዳም ስዑር ጠዋት ነው። ካርቱም የነበራችሁ የዚያን ቀን ነገር ከኔ አትሰሙም። ከከተማው ስንወጣ ከእማማ ጋር ተለያየን፤ ወዴት እንደሄዱ እስካሁን ያገኘሁት ወሬ የለም። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ከነማይኩ ግብፅ ገብቷል ሲባል ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው የሁለት ሰዓት ቅጂ ስልኬ ላይ አለ። መተማን የተሻገሩበት፣ ሱዳን የገቡበት፣ ለምን እንዳልተመለሱ ያሉት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ከሙከይፉ ሥር። ጩኸት በሚቀንስ ፕሮግራም ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ጩኸቱን ስቀንሰው የእሳቸውም ድምፅ አብሮ ይላጣል፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ይሆናል። ልጃቸው ከጎንደር አልፎ አልፎ ይጽፍልኛል። «ቀሪውስ?» ይለኛል። እየሰማሁ በእጄ እየጻፍኩለት ነው፤ አንድ ማታ አሥር መስመር ካገኘሁ ጥሩ ነው።

እንግዲህ ልጆቹ መጥተው ያን ፎቶ ሲያሳዩኝ ለምን ቶሎ «ግዙ» እንዳላልኩ ይገባችኋል።

በፎቶው ላይ ያለው ሹር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ኤስ ኤም 7 ቢ ነው። መጥፎ ዕቃ አይደለም። አባቱ ኤስ ኤም 7 እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የወጣው፤ ማይክል ጃክሰን በ1982 የወጣውን «ትሪለር» አልበሙን የዘፈነው በእሱ ነው። ኤስ ኤም 7 ቢ ደግሞ በ2001 መጣ። እሱም ዳይናሚክ ነው። ችግሩ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፤ 60 ዴሲቤል ያህል ማጉላት ይፈልጋል፤ ያ ማለት አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ርካሽ የድምፅ ካርድ ይህን ያህል ሲያጎላ ራሱ «ሽሽሽ» ይላል። ስለዚህ 400 ዶላሩን የከፈለ ሰው ሌላ ማጉያ ለመግዛት ይገደዳል። ኩባንያውም ይህን አይቶ በ2023 ማጉያ ውስጡ የተገጠመለት ኤስ ኤም 7 ዲቢ አወጣ፤ ዋጋው ግን ከዚያም በላይ ነው። ከውጭ ዘመድ ልኮለት ሰክቶ ምንም ድምፅ ሲያጣ «ተበላሽቷል» ብሎ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። አልተበላሸም።

ስለዚህ ማይኩን ሳይሆን መጀመሪያ የምትሰኩበትን ዕቃ ጠይቁ። ላፕቶፕ አላችሁ? ስልክ ብቻ ነው? ሚክሰር የሚያውሳችሁ ሰው አለ? ባለ ወንፊት የመድረክ ማይክ ጭራው ባለ ሦስት እግር ነው፤ ኤክስ ኤል አር ይሉታል። ይህን በተራ ገመድ ቀጥታ ስልክ ላይ ብትሰኩት ስልኩ ላያውቀው ይችላል፤ ቢያውቀውም ድምፁ ጭል ጭል ነው የሚለው። በመሐል የሚያጎላና ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ሳጥን ያስፈልጋል። ያ ሳጥን ብዙ ጊዜ ከማይኩ ይበልጥ ይወደዳል፤ ሻጮች ይህን አስቀድመው አይነግሯችሁም።

ለልጆቹ የሚሆን ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ጭራ ያላቸው ዳይናሚኮች አሉ፤ በአንድ በኩል ባለ ሦስት እግሩ፣ በሌላ በኩል ዩኤስቢ። የሳምሰን ኪው 2 ዩ እና የኦዲዮ ቴክኒካ ኤ ቲ አር 2100 ኤክስ ከዚህ ወገን ናቸው፤ ዋጋቸው 100 ዶላር ዙሪያውን ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይገኛሉ። (ሳምሰን ያልኩት ያን የስልኩን ኩባንያ አይደለም፤ አንዱ ልጅ «ሳምሰንግ ማይክም ይሠራል እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው።) ዩኤስቢውን ላፕቶፕ ላይ ትሰካለህ፤ በትክክለኛው ማገናኛ ብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮችም ይቀበሉታል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም ማይኩ ላይ ስላለው እየተናገርህ ራስህን ትሰማለህ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ የእማማን ሁለት ሰዓት ያጣሁት በየመሐሉ ስላላዳመጥኩ ነው። በዩኤስቢ ሲሠራ ግን ውስጡ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር ከስልኩ ባትሪ ትበላለች። ከመቅዳታችሁ በፊት ስልኩን ሻርጅ ቤት አስሞሉት።

ሚክሰር ያለው ሰው አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ነገሩ ይረክሳል። ቤሪንገር የሚሠራው ኤክስ ኤም 8500 በብዙ አገር ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው፤ ለንግግር ይበቃል። የባለ ወንፊቶቹ ሁሉ አባት የሚባለው የሹሩ ኤስ ኤም 58 እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እየተሠራ ነው፤ ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነው። «ኤስ ኤም» ስቱዲዮ ማይክሮፎን ማለት ነው፤ ስም ያወጣው ግን መድረክ ላይ ነው። ለሰው ድምፅ ተብሎ ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ጭል ጭል አይከተልም፣ ለወሬ ደግሞ አያስፈልግም።

በእሱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በዓለም ላይ አስመስለው ከሚሠሯቸው ማይኮች ዋናው እሱ ነው። በ15 ዶላር ካገኛችሁት እሱ አይደለም። እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ ስኳር የሚሸጠው ሰውዬ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከቀለለ ጥሉት። ቢመዝንም ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ውስጡ ክብደት የሚጨምሩም አይጠፉም። ለዚህ ነው ለልጆቹ «ስሙ የገነነውን ከገበያ አትፈልጉ፤ ስሙ ያልገነነውን ከታወቀ ሱቅ አስገዟት» ያልኳቸው።

የካራኦኬ ማይኮችስ? ገመዳቸው ከእጀታው ጋር የተጣበቀ፣ ጫፉ አንድ ወፍራም ጃክ የሆነ። ዳይናሚክ ናቸው፤ ይሠራሉ። ገመዱ ሲረዝም ግን የመብራቱን «እምምም» ይለቅማሉ። ሌላ ከሌለ ገመዱን አሳጥራችሁ ተጠቀሙባቸው።

ያለን ስልክ ብቻ ከሆነስ ላላችሁኝ፤ የስልክ ማይክ ዳይናሚክ አይደለም፣ ግን የርቀቱ ሕግ ለእሱም ይሠራል። ስልኩን እንደምትደውሉ አድርጋችሁ ያዙት። ብርድ ልብስ ከላይ ተከናንቦ መቅዳትም ነውር የለውም፤ እኔ ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ቀድቻለሁ። ላብ በላብ መሆን ነው ችግሩ።

አያያዙን በተመለከተ የኛ ሰው ማይክ ሲሰጡት ወይ ይርቀዋል ወይ ይውጠዋል። ሦስት አራት ጣት ጥሩ ነው። ካርዲዮይዱ በጣም ሲቀርብ ድምፅን ያወፍራል፤ ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው የሬዲዮ ጋዜጠኛ መስሎ ይሰማል። ደስ ይላል፤ ከበዛ ግን ይታፈናል። መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት አድርጋችሁ «ፓፓያ» በሉ፤ ነፋሱ ይሰማችኋል። ያ ነፋስ ማይኩ ላይ ሲያርፍ «ቡፍ» ይላል። ስለዚህ ማይኩን በቀጥታ አፍ ፊት ሳይሆን በከንፈር ጥግ በኩል ትንሽ ሰያፍ አድርጉት። የካምፑ ሸራ በነፋስ ሲንጫጫ ከየትም አቅጣጫ ስለሆነ የማይኩ ጭራ አያድንም፤ ነፋሱ እስኪቆም መጠበቅ ነው።

አቧራ ዋናው ጠላት ነው። ሐቡብ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ዳይናሚክ ውስጡ ማግኔት ስላለ የብረት ብናኝ ይስባል፤ የብየዳ ሥራ ያለበት አጠገብ አታስቀምጡት። ሥራ ሲያበቃ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፌስታል እሰሩት። የባለ ወንፊቱ ማይክ ራስ ተፈትቶ ይወጣል፤ ለብቻው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይገጠማል። እጀታውን ውሃ አታስነኩት።

ለላኪዎች ደግሞ አንድ ሒሳብ። ያልተጨመቀ ድምፅ፣ በአንድ ቻናል እንኳን፣ በደቂቃ 5 ሜጋ ባይት ይበላል፤ ግማሽ ሰዓት 150 ሜጋ ባይት ያልፋል። በኤም ፒ 3 በ64 ኪሎ ቢት ካደረጋችሁት ግማሽ ሰዓቱ 14 ሜጋ ባይት ገደማ ነው፤ ለንግግር ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ትልቁን ግን አታጥፉት፤ በሚሞሪ አስቀምጡት። እኛ በካርቱም ያስቀረነው ነገር ቢኖር በቴሌግራም አስቀድመን የላክነውን ብቻ ነው።

ልጆቹ በመሐል «ታዲያ የሬዲዮዎቹ ለምን እንደዚያ ያምራል?» ብለው ጠየቁኝ። ወጋየሁ ንጋቱ የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነብ የሰማችሁ፣ ወይም ቅጂውን ያገኛችሁ ታውቃላችሁ፤ በጉዱ ካሣ ድምፅ ሲናገር ሰውየው ራሱ አጠገብህ የተቀመጠ ይመስልሃል። ትልቁን ሥራ የሠራው ሰውየው ራሱ ነው። ግን በማይኩና በእሱ መሐል የገባ ነገር አልነበረም፤ ስቱዲዮ የሚባለው ነገር ትርጉሙ እሱ ነው። እኛ ስቱዲዮ የለንም፤ ብርድ ልብስና አራት ጣት ነው ያለን። እነዚህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቁም።

ሐሙስ ዕለት ከልጆቹ ጋር ሆነን ካምፑን በጆሮ ዞርነው። የሚሰማውን በደብተር ጻፍን፤ ወፍጮው ከስንት እስከ ስንት፣ ውሃ ቦቴው መቼ እንደሚመጣ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት የት፣ የጸሎት ሰዓት። አንደኛው «ቲቸር፣ ማይክ ሳንገዛ መሥራት ጀመርን ማለት ነው?» አለኝ። በመጨረሻ ለእህቱ ባለ ሁለት ጭራውን ላኪልን ብለው ጻፉላት። ከመቶው የሚተርፍ ካለ ለስልክ ማገናኛ፤ ክንዱና ስፖንጁ ቀረ፤ ማይኩን የሚይዝ ማቆሚያ ከጣውላ እንሠራለን ብለዋል።

የመጀመሪያ እንግዳቸው አንድ የ70 ዓመት አባት ናቸው። የሚኖሩት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ወፍጮው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይቆማል፤ የውሃ ቦቴው የሚመጣው አሥር ሰዓት ነው። ቀጠሮውን ለስምንት ተኩል አድርገውታል፤ ብርድ ልብስ የምታውሱ ካላችሁ ልጆቹ ማታ ማታ ከኔ ቱኩል አይጠፉም።